በጆርዳን በረሃ በእግር ለመሄድ ጎንደር ላይ እንዴት ተዘጋጀሁ

ከዳና መንደር በዓለት ተፈልፍላ እስከተሠራችው ጥንታዊት ከተማ እስከ ፔትራ አምስት ቀን በእግሬ ሄጃለሁ። ርቀቱ ከ70 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ደቡብ ጆርዳን ነው። ገደል፣ አሸዋ፣ ድንጋይና ፀሐይ። በሰላም ሄጄ በሰላም ተመለስኩ። ግን ከመሄዴ በፊት ጎንደር ላይ ያሳለፍኳቸው ወራት ባይኖሩ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነበር የምቀረው። ከተመለስኩ ወዲህ «እንዴት ተዘጋጀህ?» የሚለኝ ሰው በዛ። ስለዚህ እንደሆነው ልጻፈው አልኩ።

አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ አርባን አልፏል። ታናሽ እህቴ የጆርዳን ዋና ከተማ አማን ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ መምጣት ካልቻልኩ አንተ ለምን አትመጣም?» አለችኝ አንድ ቀን በስልክ። ነገሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር በሩቁ አይቶ ያረፈበትን ናባው ተራራን ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ እመኝ ነበር። አገሩን ሳጠና ደግሞ የዳናን መንገድ አገኘሁ። ገንዘቡ የሁለት ዓመት እቁብ ነው።

«ለጎንደር ሰው ደግሞ መራመድ ምን ዝግጅት ይፈልጋል?» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ወጣ ስትሉ ዳገት፣ ወረድ ስትሉ ቁልቁለት ነው። ትንፋሽ አይቸግረንም። የሚቸግረን ሌላ ነው። እኛ ደገኞች ነን። ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርበን ነው የምንውለው። ቆላ የምንለውንም ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመኪና መስኮት ነው።

ከሙቀቱ በላይ ያስተማረኝ ግን የውሃው ጉዳይ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከዳባት ጎንደር በእግሩ ይመጣ ነበር። የሚይዘው በሶና ዱላ ብቻ ነው። ውሃ አይዝም። ምንጭ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ከዚያም በላይ ቤት አለ። «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ውሃም ጠላም ያገኛል። እኔም ያደግሁት በዚያ ልማድ ነው። መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ ውሃ የሚጠጣ ሰው ደካማ ይመስለን ነበር። ሲደርሱ መጠጣት ነው የጉብዝና ምልክት። በረሃ ላይ ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። ምንጭ የለም። የሚንኳኳ በር የለም። ጥማት ሲሰማችሁ ደግሞ ሰውነታችሁ አስቀድሞ ጎድሎበታል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የተለማመድኩት ውሃ መጠጣት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከዳገቱ የከበደኝ እሱ ነው። ስልኬን በየ20 ደቂቃው እንዲጮህ አደረግሁት። በጮኸ ቁጥር ሦስት አራት ጉንጭ እጠጣለሁ፤ ቢጠማኝም ባይጠማኝም። መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ ይንቦጫረቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ለመደ። የሽንትን ቀለም ማየትም ተማርኩ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ቆማችሁ መጠጣት አለባችሁ።

ውሃ ብቻውንም አይበቃም። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። ብዙ ውሃ ጠጥቶ ጨው ያልተካ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ ለዚህም ይሆናል። አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ መጠጣት ነው። ከፋርማሲ አሥር ከረጢት ገዝቼ ያዝኩ። በቀን አንድ፣ በጣም በሞቀበት ቀን ሁለት እጠጣ ነበር። የደም ግፊት ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የእግሩን ልምምድ የጀመርኩት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ጉዞው ጥቅምት ላይ ነበር። እዚያ ለእግር ጉዞ የሚመቸው ጸደይና መኸር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ከዚያም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። እኛ ጋ ክረምት በሆነበት ጊዜ እዚያ ቆላው እሳት ነው። አስቡት እንግዲህ፣ ለደረቅ አገር የምዘጋጀው በጎንደር ዝናብና ጭቃ ነው። ግን ከዚያ ውጪ ጊዜ አልነበረኝም፤ ጀመርኩት።

በሳምንት አራት ቀን እሄድ ነበር። ሦስቱ ከሥራ በፊት፣ አንዱ ቅዳሜ። የጠዋቱ መንገዴ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ኮረብታ ወይም ወደ ቁስቋም ነው። ቅዳሜ አዘዞ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ደርሶ መልሱ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሜዳማ ስለሆነ አይከብድም፤ እግር ረጅም ሰዓት መቆምን ይለምድበታል። አንድ ሁለት ጊዜም በደባርቅ መንገድ ወደ ኮሶዬ ወጥቻለሁ። የመንገዱን ሰላም ሳላጣራ ግን ከከተማ አልወጣሁም። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ሰው ጠይቁ፣ ደግማችሁ ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ጎሃን ሦስት ጊዜ ወጥቶ መውረድ ይበቃል።

ሸክሙን በሃይላንድ ነው የለካሁት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልገውም። መጀመሪያ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ያዝኩ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ እየጨመርኩ ስምንት ኪሎ አደረስኩት። ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ቦርሳችሁ የወገብ ቀበቶ ያለው ይሁን። ክብደቱ ትከሻ ላይ ሳይሆን ዳሌ ላይ እንዲያርፍ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ አንገቴን ሲያመኝ ከረመ።

ጉልበቴ በአምስተኛው ሳምንት ማመም ጀመረ። ዳገቱ አይደለም ያሳመመኝ፤ ከቁስቋም መውረዱ ነው። የማልፍበትን መንገድ ሳስበው ፈራሁ። ዳና መንደር 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ፌይናን ደግሞ ከ350 ሜትር በታች። በአንድ ቀን ወደ 900 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ማለት ነው። ስለዚህ ለቁልቁለት ለብቻው ተለማመድኩ። ደጃፌ ላይ ካለው ደረጃ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ሌላውን እግሬን ቀስ ብዬ፣ እስከ አምስት እየቆጠርኩ፣ መሬት እስኪነካ አወርዳለሁ። በእያንዳንዱ እግር 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሁልጊዜ ማታ ማታ። ከወር በኋላ ሕመሙ ጠፋ። ሁለት ዱላ ይዞ መውረድም ጉልበትን በጣም ያግዛል። ከጎንደር የራሴን ዱላ ልይዝ አስቤ ነበር፤ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ አያስገቡትም። ተጣጣፊውን ገዝቼ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ጫማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ቅዳሜ ገበያ ከሰልባጅ ተራ አንድ ቡትስ ገዛሁ። ቆዳው ያበራል፣ ጥርሱ አልተበላም። አዲስ ነው ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ሳምንት ጎሃ ዳገት ላይ ሶሉ ከፊቱ ተላቆ አፉን ከፈተ። በገመድ አስሬ እያነከስኩ ወረድኩ። ጫማ ሰፊው ልጅ ገልብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ ሳይደረግ ነው ያረጀው» አለኝ። እውነቱን ነው። በሶሉና በቆዳው መሃል ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር በእርጥበት ብቻ ይበሰብሳል፤ ጫማው ዓመታት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥም እንኳ። መስፋት አያድነውም። ሰልባጅ ስትገዙ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጉት። ከተፈረፈረ አስቀምጡት። ጫማውንም እጥፍ አድርጉት፤ የተሰነጠቀ መስመር ካያችሁ ተዉት። ይህ በረሃ መሃል ቢገጥመኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ሁለተኛውን ጫማ እህቴ ገዝታ በሰው እጅ ላከችልኝ። ከለመድኩት ቁጥር በግማሽ ከፍ ያለ ነው። በሙቀት ረጅም መንገድ ሲኬድ እግር ያብጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጣት ወደፊት ይገፋል። ጠባብ ጫማ ጥፍር ያስነቅላል። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ማታ ማታ ለኩት፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ የሚሰፋው ያኔ ነው። ከዚያ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት አድርጉት። ዝናብ ሲያርሰው ጋዜጣ እየጠቀጠቅሁ ጥላ ውስጥ አደርቀው ነበር። ከሰል ማንደጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ማጣበቂያው ይለቃል።

ካልሲም ቀላል ነገር አይደለም። ጥጥ ላብ ይይዝና እግርን ይልጣል። የሱፍ ወይም የስፖርት ካልሲ ይሻላል፤ ሦስት ጥንድ በቂ ነው። የእግር ጥፍራችሁን ከመነሳታችሁ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ቁረጡ። ተረከዝ ላይ ሞቅ የሚል፣ የሚያቃጥል ነገር ሲሰማችሁ ያኔውኑ ቁሙ። ጫማውን አውልቁና ፕላስተር ለጥፉ። «ትንሽ ልሂድና እዚያ ጋ» ካላችሁ ውሃ ይቋጥራል። ውሃ የቋጠረ እግር ደግሞ የቀሩትን ቀናት ሁሉ ያበላሻል።

ሙቀቱስ? ጎንደር ላይ ሐምሌ ሙቀት ከየት ይመጣል። የምችለውን አደረግሁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ዝናቡ ሲያባራ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቤ እሄድ ነበር። ልብ ድካም ወይም ግፊት ያለበት ሰው ግን ይህን እንዳይሞክር። የበለጠ የጠቀመኝ ቀድሜ መድረሴ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ላብ ቶሎ ይመጣል፣ ጨውነቱ ይቀንሳል፣ ልብም በዝግታ ይመታል። ስለዚህ ጉዞው ከመጀመሩ አሥር ቀን አስቀድሜ አማን ገባሁ። አማን ራሷ የኮረብታ ከተማ ነች፤ ሰፈር ከሰፈር በደረጃ ይገናኛል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በፀሐይ እሄድ ነበር። ናባውንም ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ከላይ ሆነው ሲያዩ ሙት ባሕር ከታች ይታያል። ከባሕር ጠለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ነው፤ የእኛው ዳሎል እንኳ እንደዚያ አይጠልቅም። እዚያ ቆሜ ያለቀስኩትን ለእህቴ ብቻ ነው የነገርኳት።

ልብስ ቀላል ነው። ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም፣ ነጣ ያለ። ባዶ ክንድና ቁምጣ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ ፀሐዩ ግን ያቃጥላል። ለአካባቢው ሰውም አክብሮት ነው። ኩታዬን ይዤ ነበር። ቀን አንገቴንና ጭንቅላቴን እጠቀልልበታለሁ፣ ሌሊት እደርበዋለሁ። የበረሃው ዘላኖች፣ በደዊኖቹም፣ በራሳቸው ሻሽ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጋቢ ግን ከባድ ነው፤ ተዉት። የበረሃ ሌሊት እንደሚበርድ ግን አትርሱ፤ አንድ ወፍራም ሹራብ ያዙ።

ምግብ ላይ የእኛ አገር ስንቅ የሚወዳደረው የለም። በሶ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ኪሎ አልሞላም። በውሃና በጨው ስበጠብጠው አብረውኝ የነበሩት ሁሉ ቀመሱ። በሶ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ሙቀት የምግብ ፍላጎትን ሲዘጋ እንኳ ይጠጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ያዙ።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። አንድ የጉዞ ወኪል «እዚያው ስትደርስ ቪዛ ይመቱልሃል» ብሎኝ ነበር። ቲኬት ልቆርጥ ጥቂት ሲቀረኝ እህቴ አጣርታ አስቆመችኝ። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘብ አትክፈሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኢትዮጵያዊ ሲያዩ ለሥራ የመጣ ይመስላቸዋል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የመመለሻ ቲኬት፣ የማርፍበት አድራሻ በአንድ ፖስታ ይዤ ስለነበር ብዙ አልጠየቁኝም። ገንዘባቸው ዲናር ነው። አንዱ ዲናር 1.41 ዶላር ገደማ ነውና «አምስት ብቻ» ሲሏችሁ አስባችሁ ክፈሉ።

ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን እንደ ፈረንጅ ነው። መሪያችን «አምስት ሰዓት እንነሳለን» ሲል ከሌሊቱ 11 ማለቱ ነው። ይህን በደንብ አረጋግጡ። በረሃ ላይ ጠዋቱን ያጣ ሰው ቀኑን አጣ ማለት ነው። እኛ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት እንሄዳለን። ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዓለት ጥላ ሥር እንተኛለን። ከዚያ እንደገና እስኪመሽ።

ያለ መሪ አትሂዱ። የእኛ መሪ የአካባቢው በደዊን ነበር። ዕቃችንና የማታው ውሃ በመኪና ዞሮ ማደሪያው ላይ ይጠብቀናል። ቢሆንም የቀኑን አራት ሊትር እያንዳንዳችን እንሸከም ነበር። ፌይናን የወረድኩት ጉልበቴን ሳያመኝ ነው፤ የደረጃው ልምምድ ሥራውን ሠርቷል። ታች ጥንታዊ የመዳብ ማውጫ አለ። በሮማውያን ጊዜ፣ ዲዮቅልጥያኖስ በጀመረው የመከራ ዘመን፣ ክርስቲያኖች እየተጋዙ የሞቱበት ቦታ ነው። በስንክሳር ስሙን ስንሰማ የኖርነው ንጉሥ እዚህ ድረስ እጁ ደርሶ ነበር። ጥቁር የማዕድን ዝቃጩ አሁንም መሬቱ ላይ ተበትኗል።

ሁለተኛው ቀን ነው የፈተነኝ። ከፌይናን ወደ ላይ መልሶ ይወጣል። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። ዳገቱ ደስ ስላለኝ ስልኬ ሲጮህ ሁለት ሦስቴ አለፍኩት። ወደ አራት ሰዓት ላይ ራሴን መታኝ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ቆዳዬ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። መሪያችን ፊቴን አይቶ «ሽዋይ ሽዋይ» አለኝ። ቀስ በል ማለቱ ነው። ጥላ ውስጥ አስቀመጠኝ፣ ኩታዬን አርሶ አንገቴ ላይ ጣለው፣ ኦ.አር.ኤሱን ቀስ እያልኩ ጠጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሳሁ። ጓደኛችሁ ግራ የተጋባ ንግግር ከጀመረ ወይም ከተንገዳገደ ግን ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል። ወዲያው አቀዝቅዙት፣ እርዳታ ጥሩ። እንደዚያ ያለውን እረፍት ብቻ አያድነውም።

ሌላው አደጋ ጎርፍ ነው። በረሃ ላይ ጎርፍ? አዎ። ደረቅ ሸለቆው ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ሩቅ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ በደራሽ ይመጣል። በፈረንጆች 2018 ጥቅምት ወር ሙት ባሕር አጠገብ ለሽርሽር የወጡ ተማሪዎችን የወሰደው እንዲህ ያለ ጎርፍ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝና ያንን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድንኳናችሁን ሸለቆው ወለል ላይ አትትከሉ። መሪው «ዛሬ አንሄድም» ካለ አትከራከሩት።

በአራተኛው ቀን ማታ ከፔትራ አጠገብ ትንሿ ፔትራ የሚሏት ቦታ ደረስን። እህቴ ከአሠሪዎቿ ሁለት ቀን አስፈቅዳ እዚያ ጠበቀችኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ቀን ተከታትላ ስታርፍ የመጀመሪያዋ ነው። የመጨረሻውን መንገድ አብረን ሄድን። ከትንሿ ፔትራ በጓሮ በኩል ዴይር ወደሚሉት በዓለት የተፈለፈለ ትልቅ ሕንፃ የሚያወጣ መንገድ አለ። በዚህ ለመግባት የፔትራን ቲኬት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሲወጡ በስተግራ የዓለት ግድግዳ፣ በስተቀኝ ገደል ነው። ከሩቅ የአሮን መቃብር አለበት የሚባለው ተራራ አናት ላይ ነጭ ጉልላት ታየን። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች።

ስኒከር ነበር ያደረገችው። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ማነከስ ጀመረች። «ምንም አልሆንኩም ወንድም ጋሼ፣ እንሂድ» አለች። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጫማዋን አወለቅሁት። ተረከዟ ቀልቷል፤ ውሃ ገና አልቋጠረም። ፕላስተሩን ለጠፍኩላትና ካልሲዬን አለበስኳት። ከያዝኩት አራት ሊትር ሁለቱን እሷ ጠጣች።